ፀሐይ ስትፈነዳ ይፋት ላይ ቀን ነበር

ነሐሴ 13 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የቡሄ ዕለት ጧት፣ ፀሐይ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ሙሉ ሆና አልወጣችም። የአውሮፓ መጻሕፍት ዕለቱን ኦገስት 18 ቀን 1868 ብለው መዝግበውታል፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ደብረ ታቦር ላይ ይውላል። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ አራት ወር ቢሆን ነው። የእንግሊዝ ጦር ወደ መጣበት ተመልሷል፤ ሰሜኑ ንጉሠ ነገሥት ፍለጋ ላይ ነው፤ ሸዋን ምኒልክ ይዘውታል። የጨረቃ ጥላ ምድርን መጀመሪያ የነካው በጎንደር አቅራቢያ ነበር። ከዚያ በባብ ኤል መንደብ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ፣ ኤደንን ነክቶ፣ ሕንድን አቋርጦ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ዘለቀ። የሸዋው ቆላ ይፋት ከጥላው መንገድ በስተደቡብ ስለሆነ የደረሰው ከፊል ግርዶሽ ብቻ ነው።

በዚያ ሰዓት ኤደን ላይ ኦስትሪያውያን፣ ሕንድ ላይ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ድንኳን ተክለው ይጠባበቁ ነበር። አዲስ መሣሪያ ይዘዋል፤ ስፔክትሮስኮፕ። የፀሐይ ብርሃን በቀጭን ስንጥቅ ገብቶ በፕሪዝም ውስጥ ሲያልፍ እንደ ማርያም መቀነት በየቀለሙ ይዘረጋል። በተዘረጋው ቀለም መካከል ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ተሰልፈዋል። ኪርኾፍና ቡንሰን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን፣ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ንጥረ ነገር አሻራ መሆኑን ካሳዩ ገና አሥር ዓመት አልሞላም። ስለዚህ ፀሐይን ሳይነኩ ከምን እንደተሠራች መጠየቅ ተችሏል።

ግርዶሹ ሲሞላ በፀሐይ ጠርዝ ላይ ቀያይ ልሳኖች ብቅ ይላሉ። ፈረንሳዊው ዣንሰን ጉንቱር በተባለች የሕንድ ከተማ ሆኖ ስንጥቁን ወደ ልሳኖቹ ሲያነጣጥር፣ ያየው ጥቁር ሳይሆን የሚያበሩ መስመሮችን ነው። የጋለ ሃይድሮጂን ነበር። መስመሮቹ እጅግ ደማቅ ስለሆኑበት በማግስቱ ግርዶሽ በሌለበት ሞከረው፤ ተሳካለት። ከሁለት ወር በኋላ እንግሊዛዊው ሎክየር አገሩ ተቀምጦ፣ በራሱ መንገድ እዚያው ግኝት ላይ ደረሰ። ከመስመሮቹ አንዷ፣ ቢጫዋ፣ ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ሁሉ ጋር አልገጥም ብላ ሂሊየም የሚል ስም ወጣላት። ሂሊየም ራሱ ምድር ላይ የተገኘው ከ27 ዓመት በኋላ ነው። የፀሐይን ልሳኖች በመስመሮቻቸው የማንበብ ሥራ እንዲህ ተጀመረ፤ ያስጀመረው ጥላም ጉዞውን የተነሣው ከእኛ ምድር ነው።

የፀሐይ ፍንዳታ የሚባለው ነገር ግን ከዚህ ትንሽ ቀደም ብሎ ታይቷል። ነሐሴ 27 ቀን 1851 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ካሪንግተን በፀሐይ ገጽ ላይ ያሉ ጥቁር ነጥቦችን በእርሳስ ሲስል ሁለት ነጫጭ ብልጭታዎች ድንገት ፈኩበት። ምስክር ሊጠራ ሮጦ ሲመለስ ደብዝዘው አገኛቸው። ነገሩ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ግን የምድር መግነጢስ ተናወጠ፤ የቴሌግራፍ ሽቦዎች ብልጭታ ተፉ፤ የዋልታ ብርሃን እስከ ካሪቢያን ወርዶ ታየ። ካሪንግተን ስፔክትሮስኮፕ አልነበረውም። በዚያ ብልጭታ ውስጥ ጋዙ ምን ያህል እንደጋለና በምን ፍጥነት ወዴት እንደተወረወረ የሚናገር መስመር አልተመዘገበም።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የተነሣው ሰው የተወለደው ግርዶሹ በታየበት በዚያው 1860 ዓ.ም. ነው። ጆርጅ ኤለሪ ሄል የቺካጎ ሀብታም ልጅ ነበር፤ አባቱ በቤታቸው ግቢ የምርምር ጣቢያ ሠርተውለታል። የእሱ ብልሃት ሁለት ስንጥቅ መጠቀም ነው። አንደኛው በፀሐይ ምስል ላይ ቀስ እያለ ይጓዛል፤ ሁለተኛው ከተዘረጋው ቀለም ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ መርጦ ወደ ፎቶ ሰሌዳው ያሳልፋል። ሁለቱ ስንጥቆች እኩል ሲጓዙ የፀሐይ ሥዕል ቁራጭ በቁራጭ ይሞላል። ሐምሌ 9 ቀን 1884 ዓ.ም. ይህ መሣሪያ አንድ ትልቅ ፍንዳታ ያዘ። በተከታታይ በተነሡት ሥዕሎች ላይ የፈካው ቦታ ሲሰፋና ሲከስም ይታያል። አገራችን ያን ጊዜ ከክፉ ቀን ገና ማገገሟ ነበር፤ በሬው አልቆ ሰው በመቆፈሪያ ያርስ ነበር።

ሄል ወደ ካሊፎርኒያ ከተዛወረ በኋላ የገጠመው ችግር የቆላ ሰው በሚገባ የሚያውቀው ነው። ቀን ላይ መሬቱ ይግላል፤ ትኩስ አየር እየተነነ ይወጣል፤ በዚያ አየር ውስጥ ያለፈ ምስል ይርገበገባል። መፍትሔው ወደ ላይና ወደ ታች ነበር። መስተዋቶቹን 18 ሜትር፣ ኋላም 46 ሜትር ከፍታ ባላቸው ግንቦች አናት ላይ አወጣ፤ መስመሮቹን የሚመዘግበውን ስፔክትሮግራፍ ደግሞ ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አስገባ። የመጀመሪያው ግንብ በተሠራበት ዓመት፣ በ1900 ዓ.ም.፣ በጥቁር ነጥቦቹ ውስጥ መስመሮቹ ተሰንጥቀው ሲያገኛቸው የፀሐይ ነጥቦች ብርቱ መግነጢስ መሆናቸው ታወቀ። የፍንዳታው ኃይል የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ሲወጠር የቆየ መግነጢስ ድንገት ሲበጠስ።

በ1920ዎቹ አጋማሽ አሜሪካዊው ዴሊንጀር ሌላ ነገር አስተዋለ። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ አንዳንዴ በጠራራ ፀሐይ ለደቂቃዎች ድምፁ ጥፍት ይላል፤ ይህም የሚሆነው ፀሐይ በምታበራበት የምድር ገጽ ላይ ብቻ ነው። ጊዜው ከፍንዳታዎቹ ጋር ገጠመ። የፍንዳታው ኤክስሬይ በ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ምድር ደርሶ የላይኛውን አየር በኤሌክትሪክ ይሞላዋል፤ ሬዲዮውም እዚያ ተውጦ ይቀራል። በእነዚያው ዓመታት ጣሊያን ጣርማ በርን በዋሻ በስቶ መንገዱን ወደ ይፋት ቆላ አወረደው። የይፋቷ ሸዋ ሮቢት የአስመራ መንገድ ከተማ የሆነችው በዚህ ነው።

ከዚያ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት መጣ። ስሙ ዓመት ይባል እንጂ ከሰኔ 24 ቀን 1949 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1951 ዓ.ም. የዘለቀ ዓመት ተኩል ነው። ጊዜው የተመረጠው የፀሐይ ነጥቦች ወደሚበዙበት ወቅት ተጠግቶ ሲሆን፣ ፀሐይም ከተገመተው በላይ በነጥብ ተሞላች። በየአገሩ ፍንዳታ ጠባቂዎች ተሰማሩ። በቼኮዝሎቫኪያ፣ ከፕራግ ወጣ ብላ በምትገኘው ኦንድርዜዮቭ፣ እነ ዝዴኒዬክ ሽቬስትካ ለፍንዳታ ተብሎ የተነደፈ ስፔክትሮግራፍ አቆሙ። የንድፉ ቁም ነገር አንድ ጊዜ አንድ መስመር ማየት መተው ነበር። ፍንዳታ አይጠብቅም፤ አንዱን መስመር አንስተህ ወደ ሌላው ስትዞር የመጀመሪያው ተለውጧል። ስለዚህ በርካታ መስመሮችን ባንድ ጊዜ የሚያነሳ ባለ ብዙ ካሜራ መሣሪያ ሠሩ።

ኢትዮጵያም ከዚህ ዓመት አልቀረችም፤ የተሰለፈችው ግን በሌላ ወገን ነው። የምድር መግነጢስ ወገብ አዲስ አበባ አጠገብ ያልፋል። ቀን ቀን ከዚያ ወገብ በላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ይህን ጅረት ከሥሩ ሆኖ ለመለካት የሚመች ከተማ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ መምህር ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዊን አራት ኪሎ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ።

የዚያን ዘመን መግነጢስ መለኪያ ላላየው ሰው ልግለጸው። ጨለማ ክፍል ነው። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ክር ተንጠልጥላለች፤ ማግኔቷ ላይ ከጥፍር የማትበልጥ መስተዋት ተለጥፋለች። ከመብራት የመጣ ጨረር መስተዋቷን መትቶ በሰዓት ሞተር በሚዞር የፎቶ ወረቀት ላይ ያርፋል። ማግኔቷ ቅንጣት ስትዞር ነጥቡ ወረቀቱ ላይ ይንሸራተታል። ወረቀቱ በማግስቱ ሲታጠብ የአንድ ቀን መስመር ይወጣል፤ ጧት ዝቅ፣ ቀትር ላይ ጉብ፣ ማታ ዝቅ። ፀሐይ ላይ ፍንዳታ በተነሣ ቀን ደግሞ ጉብታው ላይ እንደ መንጠቆ የቆለመመች ትንሽ ጭረት ትጨመራለች። ኤክስሬዩ ላይኛውን አየር ሲያነቃው ጅረቱ ለደቂቃዎች ስለሚበረታ ነው፤ ወገቡ አጠገብ ደግሞ ጭረቷ ከሌላው ቦታ ጎልታ ትወጣለች። በዚህ መንገድ አዲስ አበባ ፀሐይን ሳታይ፣ በደመናም በዝናብም ቀን፣ ፍንዳታዋን ትመዘግብ ነበር። የጎደለው የመስመሮቹ ንባብ ብቻ ነው።

ኦብዘርቫቶሪው ግን ይፋትን ያወቀው በፀሐይ ሳይሆን በመሬት ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን፣ በካራቆሬና በማጀቴ፣ ምድር መናወጥ ጀመረች። ትልቁ መንቀጥቀጥ በሬክተር መለኪያ 6.5 ገደማ ነበር። ማጀቴ ፈረሰች፤ ካራቆሬ ቤቶቿ እየተናዱ ሜዳ ላይ አደረች፤ የአስመራ መንገድ ተሰነጠቀ፤ ናዳም ወረደበት። ጉዊን መሣሪያው የጻፈውን ይዘው፣ በየመንደሩ የደረሰውን ጉዳት ሰብስበው ጻፉት። በ1971 ዓ.ም. ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚገለጥ ነው። ይፋት የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ሥር ተቀምጣ የምትኖር ምድር መሆኗን የአካባቢው ሰው ያውቅ ነበር፤ በቁጥር የተመዘገበው ግን ያን ጊዜ ነው።

ጉዊን ሁለቱንም መዝገብ ጎን ለጎን ያነቡ ነበር። ከካራቆሬው መንቀጥቀጥ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጡ። በአንዳንድ ቀን የአዲስ አበባው መስመር በቀትር ጉብ ማለቱን ትቶ ወደ ታች ይሰረጉዳል፤ ማለትም ሰማይ ላይ ያለው ጅረት አቅጣጫውን ገልብጦ ወደ ምዕራብ ይፈሳል። በ1959 ዓ.ም. ከፈረንሳዊው ሜዮ ጋር ሆነው ስም ሰጡት። ዛሬ በዓለም ያሉ የመስኩ ተማሪዎች ሁሉ የሚማሩት የተገላቢጦሽ ጅረት መጀመሪያ የተነበበው አራት ኪሎ በተጻፈ ወረቀት ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ስንት ይሆን?

ቀጥሎ ያሉትን አሥርት ዓመታት በችኮላ ልለፋቸው። የፍንዳታ ስፔክትሮግራፍ ወደ ጠፈር ወጣ፤ በ1965 ዓ.ም. ስካይላብ የተባለው የጠፈር ጣቢያ፣ በኋላም ሌሎች ሳተላይቶች ምድር ላይ የማይደርሰውን አልትራቫዮሌትና ኤክስሬይ አነሱ። እኛ ዘንድ አብዮትና ጦርነት ነበር። መግነጢስ መለኪያው መጻፉን ቀጠለ።

በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅዋ ሳይንስ ማኅበር ተመሠረተ፤ ሲጀመር ብዙ ሰው እንደ ቅንጦት ነበር ያየው። ማኅበሩ አልሰማም ብሎ ገፋ። በ2007 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ሥራ ጀመሩ። ስፔክትሮግራፍም አብሮ መጣ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በእነ ዶክተር ባይሌ ዳምጤ ጥረት ዋሸራ የተባለውን ቤተ ሙከራ ከፍቶ ላይኛውን አየር ማጥናት ጀምሯል፤ አሜሪካ ያሉት ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋውም መግነጢስ መለኪያ እስከ አዲግራት ተክለዋል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ የእንጦጦው ስፔክትሮግራፍ የከዋክብት ነው። የአንድ ሜትር መስተዋት እንዲሁ ወደ ፀሐይ ቢዞር ትኩረቱ ላይ ያለውን ሁሉ ያነደዋል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው፤ ፀሐይ ያልጎደለባት አገር ሌሊት የሚሠራ መሣሪያ ገዝታ ቀኑን ተወችው።

ጳጉሜን 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ከሁለት ደቂቃ። የይፋት ማሽላ ገና ማሳ ላይ ነው፤ ማሾውም እንዲሁ። በዚያ ደቂቃ ኤክስ 9.3 የሚል ደረጃ የተሰጠው ፍንዳታ ጣሪያው ላይ ደረሰ፤ የዚያ የፀሐይ ዑደት ትልቁ ፍንዳታ ነበር። በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በአትላንቲክ ላይ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ተቆረጠ። ካሪቢያን ላይ ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሬዲዮ ብቻ የቀራቸው ሰዎች ሳይደማመጡ ቀሩ። በካናሪ ደሴቶች ያለው የስዊድን የፀሐይ ቴሌስኮፕ መስመሮቹን አነሳ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነበር፤ የፍንዳታውን መስመሮች የሚያነሳ መሣሪያ ግን አልነበረንም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጧት፣ ቀለበት የሚመስለው ግርዶሽ ላሊበላን አቋርጦ ሲያልፍ ሕዝቡ የኮሮና ወረርሽኝን ሳይቀር ረስቶ አደባባይ ወጣ። ሸዋ ሮቢት የደረሳት እንደ 1860ው ሁሉ ከፊሉ ነው። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ተከታታይ ፍንዳታዎች ያስነሱት ማዕበል ምድርን መታ፤ ከ20 ዓመት ወዲህ ያልታየ ብርታት ነበረው። በአሜሪካ በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮች በዘር ወቅት ቆሙ።

አሁን ወደ ፀሐይ ስፔክትሮግራፍ ንድፍ እንምጣ፤ ምክንያቱም የዋጋው ነገር ተለውጧል። ክርስቲያን ቢዩል የተባለ ፈረንሳዊ በ2013 ዓ.ም. ገደማ ሶልኤክስ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ንድፉን ለሁሉም ክፍት አደረገው። አካሉ በ3ዲ ማተሚያ ይታተማል። ስንጥቁ 10 ማይክሮን ነው፤ በፕሪዝም ፈንታ ቀለሙን የሚዘረጋው ግሬቲንግ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ 2,400 ጭረት አለው። የሃይድሮጂኗን ቀይ መስመር፣ 656.28 ናኖ ሜትር ላይ ያለችውን፣ በ40 ሺህ ገደማ የመለየት አቅም ይዘረጋታል። በፍንዳታ ጊዜ ጋዝ በሴኮንድ 100 ኪሎ ሜትር ሲወረወር መስመሯ በ0.22 ናኖ ሜትር ትሸሻለች፤ ይህ መሣሪያ ከዚያ አሥር እጥፍ ያነሰውንም ያያል። ሄል በቺካጎ የሠራው ሥራ ባንድ ሻንጣ ገባ ማለት ነው።

መሣሪያው ይፋት ላይ ቢቆም የሚፈትኑት ሁለት ናቸው፤ ሙቀትና አቧራ። አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ በሜትር 23 ማይክሮን ይለጠጣል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ከጧት እስከ ቀትር በ15 ዲግሪ ቢግል የትኩረቱ ቦታ ከሦስት መቶ ማይክሮን በላይ ይሸሻል፤ የስንጥቁ ስፋት 10 ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ነጭ ተቀብቶ ጥላ ሥር መግባት፣ ትኩረቱም በየሰዓቱ መታረም አለበት፤ ተራ የ3ዲ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ሲውል ስለሚለሰልስ ሙቀት የሚችለው ዓይነት መመረጥ አለበት። አቧራው ይብሳል። አንዲት ቅንጣት ስንጥቁ ላይ ካረፈች ፀሐይን ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቅ ጥቁር ሰረዝ ትሠራለች። ከአፋር በኩል ነፋስ በሚነሳበት ወቅት ስንጥቁን ብርሃን በሚያሳልፍ መስተዋት ቁራጭ አሽጎ መያዝ ግድ ነው። የአየሩ መርገብገብ ደግሞ 1,280 ሜትር ላይ ባለች ቆላ ከተማ ከረፋዱ በኋላ ይበረታል፤ ጧት ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ሳይግል ያለው ጊዜ ነው ዋጋ ያለው። በእኔ ግምት ትልቅ ጣቢያ የሚገነባ ከሆነ ሸዋ ሮቢት ቦታው አይደለችም፤ የላሊበላ ተራሮች ይሻላሉ። ለተማሪዎች መሣሪያ ግን ከፀሐይዋ በላይ የሚያስፈልግ የለም።

ለዓለምም ጥቅም አለው። ፀሐይን ሌት ተቀን የሚከታተለው ጎንግ የተባለ መረብ ስድስት ጣቢያ አለው፤ ከሕንዱ ኡዳይፑር ቀጥሎ ያለው በካናሪ ደሴቶች የሚገኘው ቴይዴ ነው። በሁለቱ መካከል 90 ዲግሪ ኬንትሮስ አለ፤ ኢትዮጵያም እዚያ መካከል ላይ ናት። የጳጉሜን 1 ዓይነት ፍንዳታ የሚነሳው ሁልጊዜ ለካናሪ በሚመች ሰዓት አይደለም።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ሌላ ግርዶሽ ይመጣል። የጥላው መንገድ በግብፅ፣ በሳዑዲና በየመን አልፎ የሶማሊያን ሰሜናዊ ጫፍ ይነካል፤ ይፋት እንደ ልማዷ ከፊሉን ታገኛለች። ክረምት ነው፤ ደመና ሊከለክል ይችላል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህራንና የሸዋ ሮቢት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከዚያ በፊት አንድ ትንሽ ስፔክትሮግራፍ ለመሥራት ጊዜ አላቸው። አደራ፣ ያለ ማጣሪያ በዓይናችሁም በቴሌስኮፕም ወደ ፀሐይ አትመልከቱ።